የአንድ ማርክ ጣጣ፦ ቆሼ የተፈጥሮ አደጋ ነው?

ሰሞኑን ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ጋር በአንድ ማርክ ተጣላን። እኔ ታሪክ ነው የማስተምረው፤ ዘንድሮ መምህር ስላነሰ ጂኦግራፊም ተደርቦልኛል። ፈተና ላይ «በኢትዮጵያ የደረሱ ሁለት የተፈጥሮ አደጋዎችን ጥቀስ» የሚል ጥያቄ አውጥቼ ነበር። ልጁ «1. የ1977ቱ ድርቅ፣ 2. ቆሼ» ብሎ ጻፈ። አንደኛውን ራይት፣ ሁለተኛውን ኤክስ ሰጠሁት። (የ1977ቱም ቢሆን ድርቁና ረሃቡ አንድ ነገር አይደሉም፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

ወረቀቱን ስመልስ ልጁ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ የመሬት መንሸራተት የተፈጥሮ አደጋ ነው ብለው አስተምረውን የለ? ቆሼ ተንሸራተተ አይደል እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ልጁ ያስተማርኩትን ነው በትክክል የመለሰልኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ደወሉ ተደወለ። እና መልሱ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። እሱ ይህን አያነበው ይሆናል። እናንተ የቀድሞዎቹ ግን ታነባላችሁ፤ ከመካከላችሁም ያን ጊዜ በደንብ የምታስታውሱት አላችሁ። ረጅም ነው፤ ታገሱኝ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ምሽት ላይ፣ ሰው ወደ ቤቱ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ የቆሼ ክምር አንዱ ጎኑ ተደረመሰና ሥር ሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ጎረቤት በእጁና በአካፋ ቆፈረ፤ በኋላ እስካቫተርና ዶዘር መጣ። ቁፋሮው ለቀናት ቀጠለ። በየቀኑ የሚነገረው የሟቾች ቁጥር ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ረቡዕ ላይ 113 ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ጨመረ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። በሰፈራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከድንኳን ወደ ድንኳን ሲሄድ ሰነበተ።

እኔ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ስም ጠራሁ። ያልመጡት ብዙዎቹ ለቅሶ ላይ ነበሩ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ ቀን በፊት እኔም እንደ ብዙ መምህር ሰነፍ ተማሪ ሲያናድደኝ «ካላጠናህ መጨረሻህ ቆሼ ነው» እል ነበር። ቀልድ መሆኑ ነው። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ ናት፤ ይህን በተናገርኩ ቁጥር አንገቷን ትደፋ ነበር። እናቷ ቆሼ ላይ ሃይላንድና ብረታ ብረት እየለቀመች፣ ለቆራሌው እየሸጠች እንደምታስተምራት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። እነሱስ ተርፈዋል። እኔ ግን ያንን ቀልድ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

አሁን ወደ ታሪኩ።

ቆሼ «ቆሻሻ» ከሚለው ቃል የወጣ የሰፈር አጠራር ነው፤ መዝገብ ላይ ረጲ ነው የሚባለው። የከተማው ቆሻሻ እዚያ መደፋት የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ ረጲ ደግሞ ከመሃል ከተማ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ገጠር ነበር። እዚህ ላይ የታሪክ መምህርነቴ ይነሳብኛል። ከዚያው አጠገብ ዘነበወርቅ አለ። በ1920ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የተተከለው እዚያ ነው፤ አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ነው። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሕመምተኛ አገሩ ተመልሶ መግባት ሲያፍር ወይም ሲከለከል በአካባቢው ጎጆ ቀለሰ። ከነዚህ ሰዎችና ከልጆቻቸው መካከል ቆሼ ላይ እንጀራቸውን ያገኙ ብዙ ናቸው። ከተማው እንግዲህ ሊያየው ያልፈለገውን ሰውና ሊያየው ያልፈለገውን ዕቃ በአንድ አቅጣጫ ነው የላከው። ማንም በክፋት ተቀምጦ ይህን ያቀደ አይመስለኝም። ዳር ስለሆነ ብቻ ነው።

ከዚያ ከተማው ራሱ እየሰፋ መጣና ዳሩን መሃል አደረገው። አየር ጤና ሞላ፣ ጀሞ ሞላ፣ ቀለበት መንገዱ በአጠገቡ አለፈ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «መስኮት ዝጉ» ሲል የማያውቅ የኮልፌ ልጅ አለ? ክምሩ ከ30 ሄክታር በላይ ሸፈነ፤ ቁመቱም እንደ ፎቅ ሆነ። ከቤት የወጣው ጥራጊ፣ ከጋራዥ የወጣው ዘይትና ባትሪ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ከክሊኒክ የወጣው መርፌና ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ የፋብሪካው ተረፈ ምርት ሳይለይ አንድ ላይ ይደፋ ነበር። ሥሩ ላይ አልተነጠፈም፤ ፍሳሹ የሚሄድበት ቦይ፣ ጋዙ የሚወጣበት ቧንቧ አልነበረውም። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ይሠራል። ማታ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚደርሰው ብረትና ፕላስቲክ ብዙው በነሱ እጅ ያለፈ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሳይከፍላቸው ከተማውን ያጸዱ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ለልጁ የምመልሰው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ተራራና የቆሻሻ ክምር አንድ አይደሉም። ተራራን የሠራው ጊዜ ነው፤ ክምሩን የሠራው በየቀኑ የሚመጣ መኪና ነው። የቆሻሻ ክምር ላስቲክ፣ ምግብ፣ ጨርቅና አፈር ተነባብሮ የሚፈጥረው ነገር ስለሆነ እንደ ድንጋይ አይያያዝም። ምግቡ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ መጠኑ ይቀንስና ከላይ ያለው ይሰምጣል። ውሃ ሲገባበት ይከብዳል፤ ውሃው መውጫ ካጣ ደግሞ ንብርብሮቹን እያንሳፈፈ ያላቅቃቸዋል። ጎኑ ቀጥ ያለ ከሆነና ከላይ መጨመሩ ካልቆመ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም። ዝናብ ባይዘንብም ይሄዳል። ቆሼ የሄደው በመጋቢት ነው እኮ፤ ክረምት አልነበረም።

መፍትሔው ደግሞ ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ጎኑን በእርከን ማድረግ ነው፤ ኮንሶዎች ድንጋይ ደርድረው ለስንት ዘመን ሲሠሩት የኖሩት ነገር። ውሃውን በቦይ ማስወጣት፣ ጋዙን ማስተንፈስ፣ ስንጥቅ መኖሩን በየሳምንቱ ዞሮ ማየት፣ ከሥሩ እስከ መጀመሪያው ቤት ባዶ ቦታ መተው። ከሁሉም በላይ «ዛሬ መኪና አይግባ» ብሎ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ማስቀመጥ።

ታዲያ ቆሼ ላይ ምን ሆነ? ቦታው መሙላቱ ከታወቀ ቆይቶ ነበር። መፍትሔ ተብሎ በሰንዳፋ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠራ፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረና ወደ ቆሼ የሚሄደው መኪና ቆመ። ሰንዳፋ ያሉት ገበሬዎች ግን ውሃችን ተበከለ፣ ከብቶቻችን ሞቱ ብለው ተነሱ። አገሩ ሁሉ በተቃውሞ የሚናጥበት ዓመት ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት ክረምት ሰንዳፋ ተዘጋ። መኪናው ወዴት ሄደ? ወደ ቆሼ ተመለሰ። ሞልቷል ተብሎ በተዘጋ ክምር ላይ እንደገና መደፋት ተጀመረ። ገበሬዎቹን አልወቅስም፤ ማንስ ቢሆን የሌላ ሰው ቆሻሻ ጓሮው ሲመጣ ዝም ይላል? ነገር ግን አስቡት፤ አንድ ፕሮጀክት ሲከሽፍ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላው አሮጌው ቦታ እንደ መጠባበቂያ ተቆጠረ። ሌላ እቅድ አልነበረም። ይህ ከሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው መጋቢት 2 የመጣው።

ከክምሩ አጠገብ ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ እየተገነባ ነበር። ነዋሪዎቹ ያኔ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ለግንባታው ዶዘር ክምሩን እየገፋ ጫናውን ወደ እኛ አዞረው ብለው ነበር። ከዚያ በፊትም አነስተኛ መደርመሶች እንደነበሩ ተናግረዋል። ማለትም ክምሩ አስጠንቅቋል። ሰዎቹም አይተዋል። ያዩትን ለማን ነው የሚናገሩት? ከጠዋት እስከ ማታ ቆሼ ላይ የሚውል ሰው ስንጥቁን ከማንም መሐንዲስ በፊት ያያል፤ የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

አደጋው እንደደረሰ አንድ ወሬ መናፈስ ጀመረ። «ሕገ ወጥ ናቸው፤ ማን እዚያ ሥሩ ስሩ አላቸው?» የሚል። ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው እንደነበረ አውቃለሁ። ለረጅም ዓመታት እዚያ የኖረ ሰው እንደነበረም አውቃለሁ። ግን ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት ይሠራል እንጂ በአንድ ሌሊት ሰፈር አይሆንም። መብራት የገባለት፣ ሱቅ የተከፈተበት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተመዝግበው እኔ ስማቸውን የምጠራው ሰፈር «አላየነውም» የሚባል አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ሳምንት አደጋው ሊወገድ የሚችል ነበር፣ ኃላፊነቱም የመንግሥት ነው ብሎ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ሰው «የውጭ ድርጅት ምን ያውቃል» ይል ይሆናል። እሺ፤ የራሳችንን ሕግ እንይ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣ የደረቅ ቆሻሻ አስተዳደር አዋጅ አለን፤ ቁጥሩ 513/1999። አዋጁ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ባለቤት የሆነ አካል፣ ቦታው ሥራ ላይ እያለም ሆነ ከተዘጋ በኋላ በሰው ጤና፣ በንብረትና በአካባቢ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበት እንኳ! ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ከአደጋው አሥር ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። የአደገኛ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከተው ራሱን የቻለ አዋጅ ግን (1090/2010) የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው።

በዚህ በኩል ብቻችንን አይደለንም። ፊሊፒንስ፣ ፓያታስ የሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2000 የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ200 ሰው በላይ ቀበረ። እነሱም ሥሩ የሚኖሩ ለቃሚዎች ነበሩ። የፊሊፒንስ የደረቅ ቆሻሻ ሕግ የጸደቀው ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት፣ በጥር 2001 ነው። ኢንዶኔዥያ ባንዱንግ አጠገብ በየካቲት 2005 ከ140 በላይ ሰው ሞተ። ከኛ አንድ ወር በኋላ ስሪላንካ ኮሎምቦ ውስጥ ሌላ ክምር ተናደ፤ በአዲስ ዓመታቸው በዓል ዕለት። በ2018 ማፑቶ፣ በ2024 ካምፓላ። የካምፓላውን ዜና ስሰማ እጄ ላይ ያለው ቡና ቀዘቀዘ፤ ፎቶውን ሳየው ቆሼ ነው የመሰለኝ። ስድስት አገር፣ ያው አንድ ዓይነት አወዳደቅ፦ የሞላ ቦታ፣ ቀጥ ያለ ጎን፣ ከሥሩ ድሃ። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ አንዳንዴም ሀብታም ሰፈር ላይ ይወድቅ ነበር።

ጥንቃቄው ከከሸፈ በኋላስ? እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሕንድ ውስጥ ቦፓል የሚባል ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984 ከፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ ሌሊት አምልጦ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ገደለ። ከፋብሪካው አጥር ሥር የሚኖረው ሕዝብ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም ነበር፤ ወዴት እንደሚሮጥም አያውቅም። ፊትን በርጥብ ጨርቅ መሸፈን ብቻ ብዙ ሰው ያድን ነበር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አንድ ርጥብ ጨርቅ! ከዚያ በኋላ አሜሪካ በ1986 ነዋሪው ጎረቤቱ ያለው ፋብሪካ ምን እንደያዘ የማወቅ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምም በ1988 ፋብሪካው፣ የከተማው አስተዳደርና ነዋሪው አንድ ላይ ተቀምጠው ለአደጋ የሚዘጋጁበትን አሠራር ዘረጋ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ጎረቤት ነው።

ይህን ሳነብ እድራችን ትዝ አለኝ። የኛ ሰው መደራጀት አያቅተውም። አንድ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር ይታወቃል። የአባላት ስም ዝርዝር አለ፤ ማን የትኛው ቤት እንደሚኖር ዳኛው በቃሉ ያውቃል። ቆሼ ላይ በዚያች ሌሊት ስንት ሰው ሥሩ እንዳለ የሚናገር መዝገብ ጠፍቶ ቁጥሩ ለቀናት ሲያወዛግብ ነበር፤ የእድር መዝገብ ግን በየቤቱ አለ። ችግሩ ጡሩምባው የሚነፋው ከሞት በኋላ መሆኑ ነው። ያው ጡሩምባ፣ ያው ዝርዝር፣ ያው ጉልበት ስንጥቅ የታየ ዕለት ቢነፋ ምን ይከለክለዋል? አንድ ሽማግሌ የእድር ዳኛ ይህን ስነግራቸው «ልጄ፣ ሳይሞት ጡሩምባ መንፋት ሟርት ነው» አሉኝ። ሳቅን። ትንሽ ቆይተው ግን «ፊሽካ ቢሆንስ?» አሉ። ፊሽካ ይሁን!

ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነገር የለም ብል ሐሰት ይሆናል። ከሥሩ የነበሩ ቤተሰቦች ተነስተው ሌላ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ፉኩኦካ የሚባል የጃፓን ከተማ ያዳበረው ዘዴ አለ፤ ድንጋይና ቧንቧ ተጠቅሞ አየር ወደ ክምሩ ውስጥ ያስገባል፣ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ፍሳሹም ይወጣል። በዩኤን ሃቢታትና በጃፓን ድጋፍ ቆሼ ላይ ተሠርቶበታል። ፋብሪካውም ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ በፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ተመርቋል፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ ነው የተሠራው። ምረቃውን በቴሌቪዥን ያየን ዕለት ሰፈር ውስጥ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ነበር፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ሲባል እኔም ኮራሁ፣ አልዋሽም። ግን ቆሻሻ ሲቃጠል አመድ ይተርፋል፤ ያ አመድ በዓለም ሁሉ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር ነው። ትልቅ ምድጃና ትልቅ የቆሻሻ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ደግሞ እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው አልተዘጋም፤ መልኩን ነው የቀየረው።

ልጁን በማግስቱ ጠራሁትና ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ቲቸር፣ የተፈጥሮ ካልሆነ ጥያቄው ላይ ምን ብዬ ልጥራው?» አለኝ። ማርኩን አልጨመርኩለትም። በሚቀጥለው ፈተና ግን ጥያቄውን ቀይሬ «ቆሼ ላይ አደጋው እንዳይደርስ ማን ምን ማድረግ ነበረበት?» ብዬ በአምስት ማርክ አወጣዋለሁ፤ ነግሬዋለሁ፣ ይዘጋጅ።

እስከዚያው እናንተን ላስቸግር። አየር ጤና፣ ዘነበወርቅ፣ ረጲ፣ ጀሞ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ከፋብሪካው ወይም ከአሮጌው ክምር አጠገብ የምትኖሩ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር በየት በኩል እንደምትወጡ፣ የት እንደምትሰበሰቡ መጥቶ የነገራችሁ ሰው አለ? ከወረዳም ይሁን ከእድር። 939 እንደሚደወል የማያውቅ ጎረቤት አላችሁ? ጻፉልኝ። ስም አልጠራም። ሰኞ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ።